«መነሣት» በሦስት ሳጥን፦ የክረምት ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ሥራው የተጀመረው በፎቶ ነው። የእህቴ ልጅ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከሜሪላንድ መጥታለች። 11 ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ሳታፍርም ትናገራለች። ትናንት እናቴ ስልኳን ሰጠቻትና «ነይ የኔ እናት፣ እኔና አክስትሽን ፎቶ አንሺን» አለቻት። ልጅቷ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቡፌው ላይ ያለውን የአያቷን ፎቶ ከነፍሬሙ በሁለት እጇ ይዛ ከፍ አደረገችልን። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቀችን።

ምሳ ላይም «ገበታውን አንሡ» ስንባል መሶቡን አቅፋ ልትነሣ ስትል ደረስኩባት።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ማንሣት ወደ ላይ ማድረግ ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። የቀረውን ግን አልነገርናትም። ስለዚህ ካርድ ልሠራላት ወሰንኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለምውል ማታ ማታ ለራሳችን ቤት አንድ ነገር መሥራት ደስ ይለኛል።

የአምናውን የግድግዳ ካላንደር አወረድኩ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው። በ10 በ7 ሴንቲሜትር ቆረጥኩት። ከፊት ግሡ ይጻፋል። ከጀርባ ደግሞ በእኛ ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር። ትርጉም አይጻፍም። ሁለት የጫማ ሳጥን አዘጋጀሁ። አንዱ «ራሱ ተነሣ»፣ ሌላው «ሌላ አነሣው»። እስከ ማታ 22 ካርድ ሞላ። ሰባቱን ሳልጠይቃት የጨመረችው እናቴ ናት።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ወጥ ቤት ዋልን። ሐሙስ የተቦካው ሊጥ ዛሬ አብሲት ተጣለበት። እናቴ ላዩ ላይ የቀረረውን ውሃ ቀስ አድርጋ ቀዳች። ከሊጡ ጥቂት ወስዳ በፈላ ውሃ እያማሰለች አበሰለችው። በረድ ሲል መልሳ ቀላቀለችው። ከዚያ መጠበቅ ነው።

ልጅቷ ከባልዲው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሊጡ መጀመሪያ ከባልዲው ጠርዝ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ትንንሽ አረፋ ታየ። አረፋው እየበዛ መጣ። ሊጡ መሐሉ ላይ ጉብ አለ፣ ጠርዙም ተከተለው። አንድ ጣት ሲቀረው እናቴ ምጣዱን አሰማች። «ኩፍ ሲል ካልጋገርሽው መልሶ ይወርዳል» አለቻት። ልጅቷ «ኩፍ» የሚለውን ቃል ደጋግማ አለችው። ጉንጭን ነፍቶ የሚባል ቃል ነው። ካርዱ ላይ «ሊጡ ኩፍ አለ» ብላ ራሷ ጻፈች። ሳጥኑ፦ «ራሱ ተነሣ»።

ወተትና ቡና ኩፍ አይሉም፣ ይገነፍላሉ። ሊጥ ወደ ላይ ሄዶ ዕቃው ውስጥ ይቆማል። የሚገነፍለው ግን ወደ ላይ ሄዶ ይፈስሳል። ለእኔ ይህ ልዩነት ለሁለት ካርድ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። እናቴ «ወጡን አውርጂው» አለችኝ። ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዤ ከምድጃው ወደ ላይ አነሣሁት። እጄ ወደ ላይ ሄደ፣ ቃሉ ግን ማውረድ ነው። ሲጣድ ጉልቻ ላይ ይወጣል፣ ሲበስል ይወርዳል። ቃሉ የሚያየው የእጄን እንቅስቃሴ ሳይሆን ድስቱ ተቀምጦ የነበረበትን ቦታ ነው። ይህን በእርሳስ ጻፍኩትና ለብቻው አስቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዛሬ የፊደል ቀን ነው። ከሥራ ስመለስ ልጅቷ የጻፈቻቸውን ካርዶች አየሁ። አንዱ ላይ «ሰዎቹ አነሱ» ይላል። ሳነበው የመጣልኝ «ቁጥራቸው ትንሽ ሆነ» የሚለው ነው። እሷ ግን «ሶፋውን ሰዎቹ አነሱ» ልትል ፈልጋ ነበር።

ሲነገር ምንም አያምታታም። ቁጥራቸው ሲያንስ «ነ» ይጠብቃል። ሲያነሡ ደግሞ የሚጠብቀው «ሱ» ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን ብቻውን መለየት አይችልም። «ያነሱ ሰዎች» ሲባልም ያው ነው፤ ከሌላው ያነሱ ናቸው ወይስ ጥያቄ ያነሱ?

ለዚህ ነው ንጉሡ «ሠ» የሚያስፈልገው። መነሣት ከግእዙ «ነሥአ» የመጣ ነው፣ በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል። ማነስ በእሳቱ «ሰ» ነው። አነሱ፣ አነሡ። በቃ፣ ተለዩ። ብዙ ሰው ሁለቱን «ሰ» ማቀላቀሉን እንደ ቀላል ነገር ያያል። እኔም ሰው በፊደል ምክንያት እንዲሸማቀቅ አልፈልግም። እዚህ ቦታ ላይ ግን ፊደሉ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በእኛ ሳጥን ውስጥ ያለው ማንሣት ሁሉ በ«ሣ» ይሆናል። «ተነሺ» እና «መነሻ» ላይ ድምፁ ራሱ ወደ «ሸ» ስለሚዞር እዚያ ችግር የለም።

ዘጠኝ ካርድ እንደገና ጻፍን። በሚጠብቀው ፊደል ላይ በቀይ ሁለት ነጥብ አደረግን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ከጎናችን ቤት እየተሠራ ነው። ጠዋት ከበረንዳው ሆነን ሁለት ሴቶች አሸዋ በባሬላ ሲያመላልሱ አየን። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። ጎንበስ ብለው እጀታውን ይይዛሉ። የፊተኛዋ «ብድግ!» ትላለች። ሁለቱም እኩል ይነሣሉ። አንዷ ብትቀድም አሸዋው ይደፋል። «ተነሺ» ብትላት አይሠራም። መነሣት ቀስ ብሎም ይሆናል። ብድግ ማለት ግን ባንድ ጊዜ ነው።

አማርኛ እንዲህ ያሉ ከ«አለ» ጋር የሚሄዱ ቃላት ሞልተውታል። ቀና አለ፣ ከፍ አለ፣ ብቅ አለ፣ እመር አለ። እያንዳንዱ የየራሱ ፍጥነት አለው። ቀና ማለት የአንገትና የወገብ ነው። ብቅ ማለት ከተሸሸገበት ነው። እመር ማለት ዘሎ ነው። ልጅቷ ሁሉንም ምንጣፉ ላይ በአካሏ ሠራቻቸው። ካርዱን ከምታነብ ይልቅ እንዲህ በተሻለ ትይዘዋለች። ከእንግዲህ ማንኛውም ካርድ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአካል ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ስለ እንስራ አወራችን። ልጅ ሳለች ውሃ ከምንጭ ይቀዳ ነበር። እንስራው ከሞላ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ጀርባው ላይ ማውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ አጠገብ ያለችውን «አሸክሚኝ» ይሏታል። አሸካሚዋ እንስራውን ከሥሩ ይዛ ጀርባ ላይ ታሳርፍና ገመዱን ታቀብላለች። ከዚያ በየመንገዳቸው። እናቴ ይህን ስትነግረን እጇ እንስራውን ከሥር እንደሚይዝ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር።

ይህ ቃል በጣም ያስደስተኛል። ሸክሙ የሌላ ሰው ነው፣ መንገዱም የሌላ ሰው ነው። አሸከመች የሚለው የሚቆጥረው ያቺን የመጀመሪያዋን አፍታ ብቻ ነው። በቤታችን ውሃ በቧንቧ ስለሚመጣ ቃሉን ሳልሰማ ዓመታት አልፈዋል። ካርዱን ሠራሁ። ልጅቷ ከጀርባው «አያቴ፣ ቦርሳዬን አሸክሚኝ» ብላ ጻፈች። ማታ ደግሞ ተጠቀመችበት።

ሌሎች የዛሬ ካርዶች፦ እሽኮኮ፣ ክሪክ፣ አሳንሰር። የመጀመሪያው ለሕፃን፣ ሁለተኛው ለመኪና፣ ሦስተኛው ለሁላችንም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ሁለቱ ሳጥኖች አልሠሩም። ሳምንቱን ሙሉ ከጋዜጣ፣ ከማስታወቂያ፣ ከታክሲ ወሬ የሰበሰብኩትን ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

ኃላፊው ከሥልጣኑ ተነሣ። የልማት ተነሺዎች። እገዳው ተነሣ። ያለመከሰስ መብቱ ተነሣ። መኪናው አልነሣም አለ። አቧራ አስነሣ። ጠብ ተነሣ። ከበሽታው ተነሣች። ስምሽ ሲነሣ ነበር። የታክሲ መነሻ። መነሻ ደመወዝ። መንሥኤ።

ልጅቷ አንድ በአንድ በአካል ልትሠራቸው ሞከረች። «ከሥልጣኑ ተነሣ» ላይ ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች። «ወደ ላይ ሄደ ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ሰውየው ወርዷል። ተነሺዎቹም ወደ ላይ አልሄዱም፣ ቤታቸውን ለቀው ነው የሄዱት። የታክሲ መነሻም ሜዳ ላይ ነው።

ቡና ጠጥቼ ስመለስ በእርሳስ ጽፌ ለብቻው ያስቀመጥኩትን የድስቱን ካርድ አየሁት። እዚያ ጋ ገባኝ። መነሣት ስለ ከፍታ አይደለም። ያረፈበትን መልቀቅ ነው። ሰው ከአልጋው ይነሣል፣ በሽተኛ ከሕመሙ፣ ሹም ከወንበሩ፣ ገበታ ከፊታችን፣ እገዳ ከላያችን። መኪና ሲነሣ ከቆመበት ይለቃል። ነገር ሲነሣ ዝም ተብሎ ከቆየበት ይወጣል። ለዚህ ነው መነሻ የመጀመሪያ ቦታ የሆነው፣ መንሥኤም ምክንያት የሆነው። ወደ ላይ መሄዱ ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል፣ ቃሉ ግን ዋጋ የሚሰጠው ለመልቀቁ ነው።

ጠዋት ከልጅቷ አልጋ አጠገብ የተባባልነው ትዝ አለኝ። «ነቅተሻል?» አልኳት። «አዎ።» «ተነሥተሻል?» ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበችና «ገና» አለች። መንቃት የዓይን ነው፣ መነሣት አልጋውን መልቀቅ ነው። ይህን ሳላስተምራት ታውቀው ነበር።

ታዲያ ከፍታው የት ሄደ? ከፍታው የ«ወጣ» ነው። ተራራ ወጣ፣ ደረጃ ወጣ፣ እንጦጦ ወጣን። «ወጣ» በግእዝ «ወፅአ» ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ። ወደ ላይ መሄድ ደግሞ በግእዝ «ዐርገ» ነበር። አማርኛ ሁለቱንም ሥራ ለ«ወጣ» ሰጠውና ከቤትም ይወጣል፣ ዛፍ ላይም ይወጣል። ፀሐይም ትወጣለች። በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ «ወጪ ወራጁ» የምንለውም እንዲሁ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አገር መሄድ ማለት መውጣትና መውረድ ነው።

አሮጌዎቹን ስሞች ቀደድኳቸው። አሁን ሦስት ሳጥን አለ። «ለቀቀ»፣ «ተጓዘ»፣ «ላይ ሆነ»። ተነሣ በመጀመሪያው፣ ወጣ በሁለተኛው፣ ከፍ አለ በሦስተኛው። 51 ካርድ እንደገና ተደለደለ። አሁን «ፎቶ አንሺ» እና «ገበታ አንሺ» አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

የጎረቤታችን እትዬ ለቡና መጡ። እሳቸው ከበር ሲገቡ እኔና እናቴ ከመቀመጫችን ብድግ እያልን «ኖር» አልን። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሡ» አሉ። ልጅቷ ተቀምጣ አየችን።

ከሄዱ በኋላ «ኖር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በቃሉ ውስጥ መነሣት የለም። ግን ቃሉ የሚባለው ሰው ሊነሣ ሲል ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ትነሻለሽ፣ ኖር ትያለሽ። የገባው ሰው በእግዜር ብሎ መልሶ ያስቀምጥሻል። ሙሉ በሙሉ መቆም እንኳን አያስፈልግም። ከወንበሩ ትንሽ ለቀቅ ማለት ይበቃል። በከተማ እየቀረ ነው። እኛ ቤት እንዲቀር አልፈልግም።

ካርዱን ጻፍኩት። ሳጥን አላገኘሁለትም። ከቡፌው ላይ ከአባቴ ፎቶ ጎን አቆምኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ዛሬ አጭር ነው። ገበያ ደርሰን መጣን። ዋጋ አይነሣም። ይጨምራል፣ ያሻቅባል፣ ይንራል። ነጋዴም ዋጋ ይሰቅላል። ማሻቀብ ከ«ሽቅብ» ጋር ነው፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። ንረት የጋዜጣና የቢሮ ቃል ሆኗል፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ግን «ሰቀሉት» ነው የሚለው።

መስቀል ለሁሉም ደርሶታል። ልብስ ይሰቀላል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅም «ሰቃይ ተማሪ» ነው። ልጅቷ ይህን የመጨረሻውን ወደደችው። ለእናቷ ደውላ ነገረቻት። መጀመሪያ እናቷ ስልኩን አላነሣችም፣ ሁለተኛ ጊዜ አነሣች። የእጅ ስልክ ከምንም ላይ አይነሣም፣ እኛ ግን አሁንም እናነሣዋለን።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገብቷል። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ቅዳሴ መሄድ ጀምራለች። ዛሬ እኔም ሄድኩ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ክንዴን ያዘችኝ። «የኛ ቃል ነው!» አለችኝ በሹክሹክታ። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እያለ ነበር።

ቆይቶ ካህኑ «ንሥኡ ብልዑ» ሲሉ እንደገና ያዘችኝ። ቤት እስክንገባ መጠበቅ አልቻለችም። መንገድ ላይ «አንዱ ላይ ‹ተ› አለ፣ አንዱ ላይ የለም» አለችኝ።

ከሥራዬ ሁሉ እንዳሰብኩት ያልሠራሁት ይህን ነበር። ልጅቷ በጆሮዋ አገኘችው። «ንሥኡ» ውሰዱ፣ ያዙ ነው። «ተንሥኡ» ተነሡ ነው። ግእዙ «ነሥአ» ወሰደ ማለት ነው። «ተ» ሲገባበት ራሱን ወሰደ፣ ተነሣ ሆነ። ትንሣኤም ከዚህ ነው። አማርኛው ደግሞ ያለ «ተ» የቀረውን «ነሣ» በመውሰድና በመከልከል ትርጉም ያዘው። እንቅልፍ ነሣኝ። ፊት ነሣችኝ። በመጽሐፈ ኢዮብ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለውም ይኸው ነው። መስጠት በአንድ በኩል፣ መንሣት በሌላ በኩል።

እንግዲህ መነሣት ከሥሩም ቢሆን የመውሰድ ቃል ነው። ከቦታው መውሰድ። የድስቱ ካርድ ልክ ነበር።

ማታ «ዐርገ»ንም አወጣነው። ዕርገት ሁሉም ያውቀዋል። ማዕረግ ግን ከዚያው ቤት መሆኑን ስነግራት አያቷም ቀና አለች። ማዕረግ መወጣጫ ነው፣ ደረጃ ነው። በማዕረግ የተመረቀ ተማሪ በቃሉ ውስጥ ደረጃ እየወጣ ነው። ምሥራቅም «ሠረቀ» ከሚለው ነው፣ ፀሐይ የምትወጣበት። ልዑል ከ«ለዐለ» ነው፣ ከፍ አለ። ሦስቱንም በሰማያዊ ቀለም ጻፍናቸው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

የሠፈራችን ሕፃን ክርስትና ተነሣ። ወንድ ነው፣ 40 ቀኑ። ሴት ብትሆን 80 ይጠበቅ ነበር። ልጅቷ «ክርስትና እንዴት ይነሣል?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ይዛት ሄደችና አሳየቻት። የክርስትና አባቱ ከካህኑ እጅ እርጥቡን ሕፃን ሲቀበል፣ ነጭ ነጠላ ውስጥ ሲጠቀልለው፣ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋው አየች። ቤት ስትገባ ሳትጠየቅ ካርዱን «ለቀቀ» ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ከውሃው ነው የተነሣው» አለች። እኔ የምጨምርበት አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

71 ካርድ ሆነ። ለጉዞ እንዲመች በላስቲክ አሰርኳቸው፣ ሦስቱንም ሳጥን በአንድ ካርቶን ከተትኩ። ልጅቷ ማታ ትነሣለች። «እጅ መንሣት» የሚለውን ካርድ ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ሰው ወደ ታች እያጎነበሰ እጅ ነሣ ይባላል፣ ከየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ከእናቴ ጋር ገና አልተስማማንም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሊሰናበቷት መጡ። በሩ ሲከፈት እኔ ካርቶኑን በፕላስተር እያሸግሁ ነበር። እናቴ ጀበናውን ይዛለች። ልጅቷ ከሁላችን ቀድማ ከሶፋው ብድግ አለች።

«ኖር።»

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ እትዬ። «ተቀመጪ የኔ ልጅ።»